እሱ እዚህ ጋ ይተነፍስ ነበር

ሰውዬው የኦርኬስትራ መሪ ነበር። ሥራው ሰማንያ ዘጠና ሙዚቀኛ ፊት ከፍ ባለች ሳንቃ ላይ ቆሞ፣ በቀኝ እጁ ቀጭን ዘንግ ይዞ፣ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን ለስለስ እንደሚል፣ ማን ዝም እንደሚል በእጁና በዓይኑ መናገር ነው። ረጅምና ከሲታ ስለሆነ ተማሪ ሳለ ጓደኞቹ «ስልክ እንጨት» ይሉት ነበር። ኋላ በሄደበት አገር ሁሉ ሙዚቀኞቹ ሳይመካከሩ በየቋንቋቸው ያንኑ ስም ሲያወጡለት፣ «ፓስፖርቴ ላይ ተጽፏል መሰለኝ» እያለ ይስቅ ነበር።

ቋሚ ኦርኬስትራውን ከለቀቀ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ እየተጋበዘ ነው የሚሠራው። ሰኞ አንድ ከተማ ይገባል፤ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ልምምድ፣ ቅዳሜና እሑድ ኮንሰርት፣ ሰኞ እንደገና አውሮፕላን ማረፊያ። ስሙ አዳራሹ በር ላይ በትልልቅ ፊደል ይለጠፋል፤ እሱ በሄደ ማግስት ደግሞ የሌላ ሰው ስም ይለጠፍበታል።

ሆቴል ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነው። ሸሚዙን ሊተኩስ መስሏቸው ያመጡለታል። እሱ ግን የጠረጴዛውን እግር እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ የሙዚቃ ኖታውን ይዘረጋበታል፤ ቆሞ ለሚያጠና ሰው ቁመቱ ልክክ ያለ ነው። እዚያ ላይ አጎንብሶ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ እጁን እያወናጨፈ ይለማመዳል። አንድ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ስትከፍት ግድግዳውን ሲያስጠነቅቅ አገኘችው። ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው፤ ጥቂት ቆይታ ባልደረባዋን አስከትላ መጣች። ይህን ለሰው ቢያወራው ያስቅ ነበር። የሚያወራለት ሰው ግን አልነበረውም።

ልምምድ ሲያልቅ መድረኩ በአራት ደቂቃ ባዶ ይሆናል፤ ሰዓት ይዞ ያውቀዋል። አንዷ ልጇን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ትሮጣለች፤ አንዱ መኪናውን ጋራዥ ሰጥቷል፤ አንዱ ቤት ሊቀይር ዕቃ እያሰረ ነው። ማንም ምሳ እንብላ አይለውም። ጠልተውት አይደለም። አለቃ ስለሆነ ያፍሩታል፤ ደግሞም ሰኞ ሂያጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ዘጠና ሰው ፊት ፊቱን ሲያየው ይውልና፣ ምሳውን ግድግዳ እያየ፣ የማያነበውን መጽሐፍ ገልጦ ብቻውን ይበላል። አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር ለመውጣት ሲል ብቻ ባዶ የመጣውን አሳንሰር አሳልፎ የሚቀጥለውን ይጠብቃል።

ሚስት ነበረችው። ቪዮላ ተጫዋች ነበረች፤ ቪዮላ ከቫዮሊን ጥቂት ተለቅ የሚል፣ ድምፁም ወፈር የሚል ነው። መጀመሪያ በመራው ኦርኬስትራ ውስጥ ከቪዮላዎቹ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። እሱ ያን ጊዜ ወጣትና ችኩል ነው። በልምምድ መሐል እጇን አውጥታ፣ «ጌታዬ፣ የሚያባርረን አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ በዓመቱ ተጋቡ። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ከዚያ የውጭ አገር ጥሪው መጣ። መጀመሪያ ለአንድ ወር ሄደ፤ ቀጥሎ ለሦስት፤ ቀጥሎ መቁጠር ተዉ። እሷ ሥራዋንም ልጇንም ይዛ ቀረች። ተጣልተው አልተለያዩም፤ ማንም በሩን በኃይል ዘግቶ አልወጣም። እሱ ቤት በመጣ ቁጥር ፎጣ የት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ሆነ፤ አንድ ቀን እሷ፣ «እንግዳ ከምትሆንብኝ ተለያይተን ወዳጅ እንሁን» አለችው። አንገቱን ደፍቶ ተስማማ።

ከስድስት ዓመት በፊት ሞተች። ቀብሯ ላይ አልነበረም።

በዚህ ዓመት ያ የመጀመሪያው ኦርኬስትራ ጋበዘው። ከዚያ ቀደም ሁለት ጊዜ ጠይቀውት ቀኑ አይመቸኝም ብሎ ነበር፤ ቀኑ ግን ይመቸው ነበር። በሦስተኛው እሺ አለ። ለምን እሺ እንዳለ ራሱም በደንብ አያውቀውም።

ልጁ እዚያው ከተማ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ትሠራለች። ባሏ ባቡር ነጂ ስለሆነ ሳምንቱን አብዛኛውን ውጭ ነው፤ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። እንደሚመጣ ሲነግራት እኛ ጋ ይረፉ አለችው። ልጅ ሳለች አንተ ነበር የምትለው። አንቱ ማለት መቼ እንደጀመረች አያስታውስም፤ አንድ ዓመት ከጉዞ ሲመለስ ሆኖ አገኘው። ለሌላ አባት ክብር ነው። እሱን ግን ያ አንቱታ ከቤተሰቡ አውጥቶ እንደ እንግዳ ሳሎን ያስቀምጠው ነበር። ለማጥናት ጸጥታ ያስፈልገኛል አላትና ሆቴል ያዘ። እሷም ልመና አላበዛችም። ሐሙስ ምሳ ቤቷ ሊበላ ተቀጣጠሩ።

ማክሰኞ ልምምዱ ተጀመረ። ከሚያውቃቸው ሙዚቀኞች የቀሩት አራት ናቸው፤ ሌሎቹ እሱ ሲሄድ ገና ያልተወለዱ የሚመስሉ ልጆች ናቸው። የሚጫወቱት የቆየ ረጅም የሙዚቃ ሥራ ነው፤ ድሮ እዚሁ አዳራሽ መርቶታል። ሁለተኛው ክፍል በጣም ዝግ ያለ ነው፤ ቪዮላዎቹ ብቻቸውን፣ ከምንም ጸጥታ ውስጥ ይጀምሩታል። እጁን አነሳ፤ ገቡ፤ ግን አብረው አልገቡም። እንደገና አነሳ። ጥሩ ነው፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ምን እንደጎደለ ሊይዘው አልቻለም። እንቀጥል አላቸውና ቀጠሉ።

ረቡዕ ከልምምድ በኋላ የኖታ ክፍሉ ኃላፊ መልእክት ላከበት። ኖታዎቹን ሁሉ የሚያስቀምጥ፣ የሚጠግን፣ ለየሙዚቀኛው የሚያድል ሽማግሌ ነው፤ ድሮም እሱ ነበር፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ወረቀት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የላጲስ ብናኝ እንደ ዱቄት ተበትኗል። ሽማግሌው ወንበር ስቦ አስቀመጠውና ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስለ ደረጃው ብዛት ሲያጫውተው ቆየ። ከዚያ ሙዚቀኞች ኖታቸው ላይ በእርሳስ ብዙ ነገር እንደሚጽፉ፣ አንዳንዱም በመሪው ላይ የሚቀለድ ቀልድ እንደሆነ፣ ኮንሰርት ባለቀ ቁጥር ያን ሁሉ በላጲስ ማጥፋት የእሱ ሥራ እንደሆነ ነገረው።

«በአርባ ዓመት ውስጥ ሳላጠፋ የተውኩት አንድ ነው» አለ ሽማግሌው። «ባለቤትዎ የጻፈችው ስለሆነ ነው፤ ነፍሷን ይማረው።»

የቪዮላ ሦስተኛ ረድፍ ኖታ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ገና ከመጀመሩ በፊት፣ በጠርዙ ላይ፣ ወደ ግራ በተጋደመው የእጅ ጽሕፈቷ፣ «እሱ እዚህ ጋ ይተነፍስ ነበር» ይላል።

መሪው ደጋግሞ አነበበው። ሽማግሌው እንዲህ ሲል አብራራለት፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይህንኑ ሥራ የመራው ሌላ ሰው ነበር፤ እንደ ማሽን የሚቆጥር ጎበዝ። ቪዮላዎቹ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አብረው መግባት አቃታቸው። በመጨረሻ ባለቤቱ አጠገቧ ለተቀመጠችው፣ «እጁን አትዪ፣ ትንፋሽ ስቢና ግቢ» አለቻት። ረድፉ ሁሉ እሷን ተከትሎ ተነፈሰ፤ ገቡም።

ሲመራ ድሮ ከመግቢያው በፊት በአፉ አየር ሳብ የማድረግ ልማድ ነበረው፤ እስከ አሥረኛው ወንበር ይሰማ ነበር። ኋላ የቀረጻ ባለሙያዎች ትንፋሽህ ማይክሮፎን ውስጥ እየገባ አስቸገረን ሲሉት፣ አፉን ገጥሞ መምራት ተለማመደ። አሥራ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ማንም ይመለስልን አላለውም፤ እሱም ረስቶት ነበር። ኖታውን ልውሰደው ብሎ ሊጠይቅ አስቦ ተወው። ነገ ጠዋት የምትጫወትበት ልጅ አለች። መልሶ ለሽማግሌው ሰጠውና አመስግኖት ወጣ።

ሐሙስ ልጁ ቤት ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ከውስጥ ሩጫና ሳቅ ይሰማ ነበር፤ ደወሉን ሲጫን ጸጥ አለ። ጠረጴዛው ላይ መታጠፊያው ገና ያልጠፋ አዲስ ጨርቅ ተነጥፏል። ሳህኖቹም የእንግዳ ናቸው። የልጅ ልጁ ጸጉሯ ተጎንጉኖ፣ እጇን ዘርግታ በሥርዓት ሰላም አለችው። ሾርባውን እየበሉ ግን መጠየቅ ጀመረች። ምን እንደሚጫወት ጠየቀችው፤ ምንም እንደማይጫወት ነገራት። ካልተጫወተ ታዲያ ሰዎቹ ለምን እንደሚያጨበጭቡለት ጠየቀችው። አሰበና እሱም ሁሌ እንደሚገርመው ነገራት። እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ከምሳ በኋላ ልጅቷ ጎረቤት ልትጫወት ሄደች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ስለ አየሩ አወሩ፣ ስለ ባሏ ጉልበተኛ አለቃ አወሩ። ከዚያ በኖታው ላይ ያየውን ነገራት። የወረቀት መሐረቡን እያጠፈች፣ እየፈታች፣ መልሳ እያጠፈች አዳመጠችው። ይህን ብቻ ነግሯት ሊሄድ ነበር ሐሳቡ። ምን እንደያዘው አያውቅም፤ ቀጠለ።

«እናትሽ ያረፈች ዕለት የመርዶው ወረቀት የደረሰኝ ከኮንሰርቱ በፊት ነው» አላት። «ካለቀ በኋላ ነው የሰጡኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አነበብኩት። አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ወጥቼ መራሁ። የምሽት ሦስት ሰዓቱን አውሮፕላን ብይዝ ለቀብሯ እደርስ ነበር።»

መሐረቡን ማጠፏን አቆመች።

«አዳራሹ ሞልቶ ነበር» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «ምክንያቱ እሱም አይደለም። ትቼ ብወጣ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። እዚያ ላይ ስቆም ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ።»

ተነሳች። ሳህኖቹን ወደ ማጠቢያው ወሰደች፤ ቧንቧውን ከፈተች፤ ዘጋችው። ጀርባዋን እንደሰጠችው ተናገረች።

«ስንት ቀን የታመመች ይመስልሃል?»

አንተ አለችው። እሱ መጀመሪያ የሰማው ያን ነበር፤ ጥያቄው ዘግይቶ ነው የገባው። ድንገት ነው ብለሽኛል አላት።

«ሦስት ቀን ነው። ሦስቱንም ቀን አእምሮዋ እንዳለ ነበር፤ ታወራ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ደውዪለት አለችኝ። ደውያለሁ አልኳት። አልደወልኩም። በማግስቱ መጣ ወይ አለችኝ። መንገድ ላይ ነው አልኳት። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው።»

«ምን አለች?»

«አይቸኩል በይው አለች።»

ከማጠቢያው ጋ አልተንቀሳቀሰችም። ለምን እንዳልደወለች ስትነግረው ድምፅዋ አልጨመረም፤ አልቀነሰም። እሱ በመጣ ቁጥር እናቷ ቤቱን ታበራው እንደነበር፣ ሲሄድ ግን ሳምንቱን ሙሉ የወደቀችውን የምታነሳው እሷ ልጅቷ እንደነበረች፣ በመጨረሻው እንኳ ለሦስት ቀን እናቷን ለብቻዋ ፈልጋ እንደነበር ነገረችው። ደግሞም ቅጣት እንዲሆንበት። ከቀብሩ በኋላ አውሮፕላን አጥቼ ነው ብሎ ሲያለቅስ፣ እሷ ልትነግረው አፏን ከፍታ መልሳ ገጥማው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት አልፎ ሌላው እየተተካ ነገሩ ሆዷ ውስጥ ከረመ።

መሪው ቆመ። በሕይወቱ እንደዚያ ተቆጥቶ አያውቅም። ካፖርቱን አንስቶ ሊለብስ ሲል ክንዱ እጅጌውን አጣው፤ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ማንም አላገዘውም። በመጨረሻ ካፖርቱን በክንዱ ላይ ጥሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላውን ሲዞር ዋለ። የአውቶቡስ መናኸሪያ ገብቶ ሻንጣ ከያዙ ሰዎች መሐል አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረች ሴትዮ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው። የትም አላት፤ ጨዋታ የማይፈልግ መስሏት ፊቷን አዞረች። ሦስት ቀን ሰረቀችኝ እያለ በልቡ ሲደጋግም ቆየ። ከዚያ ግን ያን ሳምንት ማስታወስ ጀመረ። አዲስ ኦርኬስትራ ነበር፤ ሁለት ዓመት የጠበቀው ግብዣ። በመጀመሪያው ቀን ብትደውል፣ «ትንሽ ትሻላለች፣ እሑድ ከኮንሰርቱ በኋላ እመጣለሁ» ይል ነበር ወይስ ዕለቱኑ ይነሳ ነበር? እነሳ ነበር ብሎ በራሷ በሚስቱ ሊምል ፈለገ። መሐላው ከአፉ አልወጣ አለ። ያን ጊዜ ቁጣው ከላዩ ላይ ወረደና፣ የቀረው የገዛ ራሱ ማንነት ከቁጣው ይልቅ ከብዶት እዚያው ተቀመጠ።

ዓርብ ልምምድ፣ ቅዳሜ የመጀመሪያው ኮንሰርት ሆነ። ቅዳሜ ሁለተኛው ክፍል ሲደርስ ዛሬ እተነፍሳለሁ ብሎ ቆርጦ ነበር፤ አፉ በልማዱ ገጥሞ ቀረ። ቪዮላዎቹ እንደነገሩ ገቡ። ሰው አጨበጨበ።

እሑድ ኮንሰርቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ሁለተኛው ክፍል ጋ ሲደርስ እጁን አነሳና ጠበቀ። ስለ ትንፋሹ አላሰበም። ሐሙስ ዕለት ልጁ ጀርባዋን ሰጥታው እንደቆመች ትታየው ነበር፤ ደረቱ ራሱ ከፈት አለና አየሩን ሳበ፤ እስከ አሥረኛው ወንበር ተሰማ። ቪዮላዎቹ አንድ ሰው ሆነው ገቡ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ደንግጣ ከኖታዋ ቀና አለች። ያን በእርሳስ የተጻፈ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ስታየው ሰንብታለች። ለቅጽበት ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስሟን እስካሁን አያውቅም።

ሲጨርስ ለሰው እጅ ለመንሳት ዞረ። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ልጁንና የልጅ ልጁን አያቸው። ትንሿ ከወንበሯ ላይ ቆማ፣ ለእሱ ሳይሆን ከበሮ ለመታው ሰውዬ ታጨበጭባለች። እናቷ አታጨበጭብም፤ የሁለቱንም ካፖርት አቅፋለች። በጓሮ በር ዞሮ እስኪመጣ ሄደዋል።

ሰኞ ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ ታክሲ ሲጠብቅ የልጁ መኪና መጥታ ቆመች። አልተቃቀፉም። ሻንጣውን ከኋላ ጫነና ገባ። ባለፈችበት ሁሉ አዲስ የተሠራውንና የፈረሰውን በአጭር በአጭሩ ታሳየው ነበር። ሆቴል ውስጥ ሲያመው ማን እንደሚያየው ጠየቀችው። አያመኝም አላት፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን ተኝቶ፣ ሻይ የምታመጣለትን ሠራተኛ ስም ጠይቆ መርሳቱን ነገራት።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አቆመች። ሞተሩን አላጠፋችም።

«ብደውልልህ ትመጣ ነበር?» አለችው።

«እመጣ ነበር ብዬ መማል አልችልም» አለ። «ለመማል ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም።»

«እሺ» አለች። ትከሻዋ ትንሽ ዝቅ አለ። የመኪናውን መሪ በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር። የሆነ ነገር ልትጨምር ስትል ዘበኛው መጥቶ መስኮቱን አንኳኳ፤ እዚህ መቆም አይቻልም። ወረደ፤ ሻንጣውን አወጣ። እሷም ልትሄድ ስትል መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ሐሙስ ካፖርቱን ስትሰቅለው እንዳየችው የውስጥ ኪሱ ተቀዷልና ቦርሳውን እዚያ እንዳያስቀምጥ ነገረችው።

በሚቀጥለው ከተማ ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ነበር። አዳራሹ ጥሩ ነው፤ ሙዚቀኞቹ ጨዋ ናቸው፤ መድረኩ በአራት ደቂቃ ባዶ ሆነ። ድሮ ለልጁ የሚደውለው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። በዚህኛው ሳምንት ረቡዕ፣ በሁለት ልምምድ መሐል፣ የክፍሉ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ደወለ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ልጁ።

ምንም እንዳልሆነ ነገራት። ድንች እየላጠች እንደሆነ ነገረችው።

«ስልኩን አትዝጊው» አላት። «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪውና ሥራሽን ሥሪ።»

ከዚያ ስልኩ እንጨት ላይ ሲያርፍ ተሰማው።

ቢላዋው ሲሄድ ሰማ። ድንች ውኃ ውስጥ ጠብ ሲል ሰማ። የልጅ ልጁ ጮክ ብላ መጽሐፍ ታነባለች፤ አንድ ቃል ላይ ትደናቀፋለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና እዚያው ትደናቀፋለች፤ እናቷ ቃሉን ትነግራታለች። ወንበር ተጎተተ። አንዳቸው የሆነ ነገር ተናገሩና ሁለቱም ሳቁ፤ ምን እንደተባለ አልሰማም። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ የውጭው በር ተከፈተ፤ ጫማ፣ ቁልፍ፣ የልጅቷ ድምፅ ደረጃው ላይ እየራቀ ሄደ። በሩ ተዘጋ። ረስተውታል።

ሆቴሉ በር ላይ ወደ ልምምድ የሚወስደው መኪና ቆሟል። ባዶው ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣው ማጉረምረም ጀመረ። እሱም ስልኩን ሊዘጋ አሰበና፣ ተቀምጦ ያን ማዳመጥ ቀጠለ።